«ሐ» እና «ሀ» በገላባት መንገድ፦ የድሩፓል ቪውስ መጠይቅ በምሥራቅ ሱዳን ድንበር ቋንቋዎች መዝገብ ሲፈተን

ከገዳሪፍ ተነሥቶ በዶካ በኩል ገላባት የሚደርስ፣ ከዚያም ድንበሩን ተሻግሮ መተማ ዮሐንስ የሚገባ ተጓዥ የቦታዎቹን ስም ለመጥራት አይቸገርም። ችግሩ የሚመጣው ስሞቹ ሲጻፉ ነው። ገዳሪፍ በአረብኛ የሚጻፈው በ«ቃፍ» ነው፤ የሱዳን አረብኛ ተናጋሪ ግን ይህን ፊደል «ገ» ብሎ ያነበዋል። ስለዚህ ከወረቀት የሚገለብጥ ጸሐፊ «አል-ቀዳሪፍ» ይጽፋል፤ ከጆሮው የሚጽፍ ደግሞ «ገዳሪፍ»፣ «ገዳረፍ» ወይም «ገደሪፍ» ይላል። ገላባትም በዚያው ፊደል ስለሚጻፍ «ቀላባት» የሚል መልክ ይኖረዋል። መተማ ሌላ ጣጣ አለባት፤ በሱዳን በዓባይ ዳር፣ ከሸንዲ ማዶ፣ «አል-መተማ» የምትባል ሌላ ከተማ አለችና። በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወደቁበት ውጊያም በኢትዮጵያውያን ዘንድ የመተማ፣ በሌሎች መጻሕፍት ደግሞ የገላባት ጦርነት ነው።

አንድ ስም በብዙ መልክ መጻፉ ለቋንቋ አጥኚ አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር፣ ከእነዚህ መልኮች የትኛው ከየትኛው ጋር አንድ እንደሆነ የሚወስነው ዛሬ አጥኚው ሳይሆን ሶፍትዌር የሚያቀናብረው አንድ ዐረፍተ ነገር መሆኑ ነው። የድምፅ ቅጂ፣ የቃላት ዝርዝርና የተረት ስብስብ የሚይዝ ማኅደር በይዘት አስተዳደር ሥርዓት ላይ ሲሠራ፣ አንባቢው በፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ የጻፈው ቃል በቀጥታ መዝገቡ ዘንድ አይደርስም፤ አስቀድሞ ወደ ኤስኪውኤል መጠይቅ ይለወጣል። እዚህ ላይ «መጠይቅ» የተባለው በመስክ ሥራ ለተናጋሪ የሚቀርበው የጥያቄ ወረቀት አይደለም፤ ሥርዓቱ ለመረጃ ቋቱ የሚያቀርበው ጥያቄ ነው። የስሙ መመሳሰል ግን የሚያስተምር ነው። መጥፎ የመስክ መጠይቅ ተናጋሪው ያላለውን እንደሚያስብለው ሁሉ፣ መጥፎ የመረጃ ቋት መጠይቅም መዝገቡ የያዘውን «የለም» ያሰኘዋል።

ለዚህ ሂስ የተመረጠው ድሩፓል ነው። ቤልጂየማዊው ድሪስ ባይታርት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ይህ ሥርዓት ነጻና ክፍት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰብአዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ የሚያስተዳድረው ሪሊፍዌብም በእርሱ ላይ የቆመ ነው። በድሩፓል መጠይቆችን የሚያዘጋጀው ቪውስ የተባለው ሞጁል ነው፤ ኧርል ማይልስ የጀመረው ይህ ሞጁል ለዓመታት በተጨማሪነት ሲጫን ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2015 ከወጣው ድሩፓል 8 ጀምሮ የዋናው ሥርዓት አካል ሆኗል። ኮድ የማያውቅ የቋንቋ መምህር በቪውስ ሠንጠረዦችን አገናኝቶ፣ ማጣሪያና አደራደር መርጦ፣ የቃላት ዝርዝሩን ለተማሪዎቹ ሊያቀርብ ይችላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚከተለው ወቀሳ ይህን ውለታ ሳይዘነጋ መነበብ አለበት።

ወቀሳው ከቀላሉ ይጀምር። አንድ ተናጋሪ በኡም ራኩባ የስደተኞች ጣቢያ ተረት ነገረ እንበል። ጣቢያው በ1980ዎቹ ከኢትዮጵያ የተሰደዱትን ያስጠለለ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ደግሞ ከትግራይ ለሸሹት እንደገና የተከፈተ ነው። ተራኪው በትግርኛ ጀምሮ፣ የገበያውን ወሬ በአረብኛ አስገብቶ፣ አንድ ተረትና ምሳሌ በአማርኛ ጨመረ። መዝጋቢው በቋንቋ ዓምድ ሦስት ቋንቋ ይሞላል። ድሩፓል ከአንድ በላይ ዋጋ የሚይዝ ዓምድን በራሱ ሠንጠረዥ፣ እያንዳንዱን ዋጋ በየረድፉ ያስቀምጣል። ቪውስ ይህን ሠንጠረዥ ከዋናው ጋር ሲያገናኝ አንዱ ቅጂ ሦስት ረድፍ ይሆናል። «ድግግሞሽን አስወግድ» የሚለው አማራጭ መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን ቋንቋው ራሱ በውጤቱ ውስጥ ከታየ ወይም መደርደሪያ ከሆነ ሦስቱ ረድፎች የተለያዩ ስለሆኑ አይወገዱም። የዚህ ዓይነቱን ገጽ ቆጥሮ «በማኅደሩ ይህን ያህል ቅጂ አለ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ አልዋሸም፤ የቆጠረው ግን ቅጂዎችን ሳይሆን የቅጂና የቋንቋ ጥምረቶችን ነው።

ከብዜቱ ይልቅ የሚያሳስበው ቅደም ተከተሉ ነው። ድሩፓል ለእያንዳንዱ ዋጋ ከዜሮ የሚጀምር ተራ ቁጥር ይሰጣል። ድግግሞሹ ያስመረረው ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው አቋራጭ መጠይቁን ቁጥር ዜሮ በያዘው ረድፍ ላይ መገደብ ነው። ያን ጊዜ በመዝጋቢው እጅ መጀመሪያ የተሞላው ቋንቋ የተናጋሪው «ዋና ቋንቋ» ሆኖ ይወጣል። ማንም ይህን አልወሰነም፤ ተናጋሪውም አልተጠየቀም። ከአንድ ቤት ውስጥ ትግረና የሱዳን አረብኛ፣ ወይም ሐውሳና አረብኛ፣ ወይም አማርኛና ትግርኛ እኩል በሚነገርበት በገዳሪፍ ምድር የአፍ መፍቻ ቋንቋን ለይቶ መናገር በራሱ አከራካሪ ነው፤ ክርክሩን የመዝጋቢው ጣት ይፈታዋል ማለት ነው። ሪሊፍዌብም ለእያንዳንዱ ሰነድ አንድ ቀዳሚ አገርና ሌሎች ተያያዥ አገሮች ይመዘግባል፤ ከዚህም የተነሣ ከመተማ ወደ ገዳሪፍ ስለሚሻገሩ ሰዎች የሚያትት ዘገባ ኢትዮጵያን ወይም ሱዳንን ማስቀደም ግድ ይሆንበታል። ልዩነቱ እዚያ ቀዳሚነቱ በስሙ የተጠራና ሰው መርጦ የሚሞላው መሆኑ ነው። በተራ ቁጥር ዜሮ የተገደበው መጠይቅ ግን የመረጠ መሆኑን እንኳ አይናገርም።

«ቋንቋ» የሚለው ቃል ራሱ በድሩፓል ውስጥ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ይዘቱ የተጻፈበት ቋንቋ ሲሆን ሥርዓቱ ያውቀዋል፤ ሁለተኛው ይዘቱ የሚገልጸው ቋንቋ ሲሆን አጥኚው ራሱ የሚጨምረው ዓምድ ነው። በአረብኛ የተብራራ የበጃ ቃላት ዝርዝር በመጀመሪያው አረብኛ፣ በሁለተኛው በጃ ነው። ልምድ የሌለው ገጽ ሠሪ ቪውስ በቅድሚያ የሚያቀርብለትን የመጀመሪያውን ማጣሪያ ይመርጥና በጃ ከማኅደሩ ይጠፋል። በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ ደግሞ ከሥርዓቱ የሚያገኘው ማረፊያ «አልተገለጸም» ወይም «አይመለከተውም» ከሚሉት አንዱን ነው። የቤተ መጻሕፍት ምደባ ከብዙ ጊዜ በፊት ያወቀው «ብዙ ቋንቋ» የሚለው መለያ በነባሪነት የለም። በነገራችን ላይ፣ የድሩፓል 8 የቋንቋዎች ዝርዝር ለቀልድ የተፈጠረውን የድመቶች እንግሊዝኛ ሲይዝ በጃን፣ ትግረንና ጉሙዝኛን አልያዘም። በእጅ መጨመር ይቻላል፤ ግን እንግዳ ሆነው የሚመዘገቡት የትኞቹ እንደሆኑ ልብ ይሏል።

የቪውስ ነባሪ መጠይቅ ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው በፊደል ነው። ሁለት ቃላት አንድ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለውን የሚፈርደው የመረጃ ቋቱ የማነጻጸሪያ ደንብ ነው። ድሩፓል ከማይኤስኪውኤል ጋር ሲጫን በነባሪነት የሚጠቀመው «ጄነራል» የሚባለውን ደንብ ነው። ደንቡ በላቲን ፊደል ላይ ለጋስ ነው፤ ትልቁንና ትንሹን ፊደል፣ ምልክት ያለውንና የሌለውን አናባቢ አንድ አድርጎ ይቆጥራል። በግዕዝ ፊደል ላይ ግን ምንም አያጥፍም። ውጤቱ ለድንበሩ ቋንቋዎች በሁለት በኩል የተገለበጠ ነው። በላቲን የተጻፈ በጃ የድምፀት ቦታ ነጠላን ከብዙ ሊለይ ስለሚችል አጥኚው በአናባቢው ላይ ምልክት ያኖራል፤ መጠይቁ ግን ምልክቱን አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። ሞክሼ ፊደላት የድምፅ ልዩነት በማይፈጥሩበት በአማርኛ ደግሞ መጠይቁ እያንዳንዱን ሞክሼ እንደ ባዕድ ያያል። «ሐሰን» የሚለው ስም የመጀመሪያ ድምፁ በስድስት ፊደላት፣ ሁለተኛው በሁለት ሊጻፍ ስለሚችል አሥራ ሁለት መልክ አለው። ፈላጊው ከአሥራ ሁለቱ አንዱን ይጽፋል፤ ዐሥራ አንዱን አያገኝም። በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ እንኳ ያው ቁጥር በሁለት ፊደል ተጽፏል፤ ለመጠይቁ ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው።

ጉሙዝኛ በዚህ ረገድ ዕድል ቀንቷታል ሊባል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ዩኒኮድ 6.0 የተጨመሩላት ፊደላት በመሠረታዊው የፊደላት ክልል ውስጥ ስለሚገኙ መጠይቁ አንዱን ከሌላው ይለያል። በ2021 ከዚያ ክልል ውጭ የገቡት የጉራጌ ፊደላት ግን በዚሁ ነባሪ ደንብ ሁሉም እርስ በርስ እኩል ተደርገው ይነጻጸራሉ። ገዳሪፍ ከጉራጌ ሩቅ ቢሆንም ምሳሌው የሚጠቅመው፣ ደንቡ የተሠራው ስለ ፊደሉ በማሰብ እንዳልሆነ ስለሚያሳይ ነው።

እዚህ ላይ ሞጁል የመጻፍ ሐሳብ ይመጣል። ቪውስ መጠይቁን ካዘጋጀ በኋላ ወደ መረጃ ቋቱ ከመላኩ በፊት ለሌሎች ሞጁሎች የሚያሳይበት «ኩዌሪ ኦልተር» የተባለ ሁክ አለው። ጥቂት መስመር ኮድ የሚጽፍ ባለሙያ በዚህ በር ገብቶ ሁኔታዎቹን አንድ በአንድ እየቃኘ፣ «ሐ»ንና «ኀ»ን ወደ «ሀ»፣ «ዐ»ን ወደ «አ»፣ «ሠ»ን ወደ «ሰ»፣ «ፀ»ን ወደ «ጸ» የሚያጥፍ ማስተካከያ ሊያስገባ ይችላል። በአማርኛ የኮምፒዩተር ሂደት ጥናት ሞክሼዎችን እንዲህ ማጠፍ የተለመደ ቅድመ ዝግጅት ነው፤ ማንም እንደ ትልቅ ውሳኔ አይቆጥረውም።

በገዳሪፍ መዝገብ ላይ ግን ትልቅ ውሳኔ ነው። ትግርኛና ትግረ «ሀ»ንና «ሐ»ን፣ «አ»ንና «ዐ»ን በድምፅ ይለያሉ። በትግርኛ «መሃረ» አስተማረ፣ «መሓረ» ይቅር አለ ማለት ነው፤ ትምህርቲና ምሕረት ከሁለት ሥር የመጡ ናቸው። አማርኛ የሁለቱን ጉሮሮአዊ ድምፆች ልዩነት ስላጣ «ተማረ» ሲል ትምህርት ያገኘውንም ምሕረት ያገኘውንም ይጠራል፤ ዐውዱ ይፈታዋል። ለአማርኛ የተጻፈው ሞጁል በትግርኛ ቅጂዎች ላይ ሲሠራ በእርግጥ የሚያደርገው የአማርኛን ታሪካዊ የድምፅ ለውጥ በትግርኛ ላይ መጫን ነው። ፈላጊው የይቅርታ ተረት ጠይቆ የመምህር ተረት ይመጣለታል። ነገሩ በቀልድ የሚታለፍ ቢመስልም የሥሮች ስርጭት የሚቆጥር ጥናት በዚህ ውጤት ላይ ከተመሠረተ የሚሰጠው ቁጥር የሌላ ቋንቋ ነው።

መፍትሔው «ለትግርኛ አትጠፍ» የሚል አጭር ትእዛዝ ቢሆን መልካም ነበር፤ አይደለም። «ጸ»ና «ፀ» በትግርኛ የድምፅ ልዩነት የላቸውም፤ ኤርትራ ውስጥ በ«ጸ» የሚጻፈውን በትግራይ በ«ፀ» ይጽፉታል። «ኣ»ና «አ»ም እንዲሁ የአጻጻፍ ልማድ ልዩነት ናቸው። ከሐምዳይት የተሻገረ የትግራይ ሰውና በገዳሪፍ ከቆየ ኤርትራዊ የተቀዳ አንድ ቃል በሁለት መልክ ተጽፎ ሊገኝ ስለሚችል እነዚህ መታጠፍ ይገባቸዋል፤ «ሀ»ና «ሐ» ግን አይገባቸውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የተለየ የማጠፊያ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል ማለት ነው። ድሩፓል ከእያንዳንዱ ዋጋ ጎን የቋንቋ መለያ ስለሚያስቀምጥ ሞጁሉ ይህን መለያ አይቶ ተገቢውን ሠንጠረዥ ሊመርጥ ይችላል። ይህ የተሻለው አሠራር ነው፤ አሁንም ግን የሚያመልጠው አለ። በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ የገባ የትግርኛ ተናጋሪ ስም መለያው አማርኛ ነው፤ ከአረብኛ የመጣ ስምም ምንጩ ሦስት የተለያዩ ድምፆችን የሚለይ ሆኖ ሳለ በአማርኛ ደንብ ይታጠፋል። ደንቡ መከተል ያለበት የቃሉን ቋንቋ ነው፤ መለያው የሚያውቀው የመዝገቡን ነው። በዚህ ልዩነት ላይ ሞጁሉ መፍረድ አይችልም። ሊያደርግ የሚችለው ጥብቅና ሰፊ ፍለጋን ሁለቱንም ለአንባቢው ማቅረብና የመረጠውን በውጤቱ ራስጌ ላይ መጻፍ ነው።

ማጠፉ የት ይፈጸም የሚለውም አለ። በመጠይቁ ውስጥ ፊደል በፊደል እየተኩ ማነጻጸር መዝገቡን ሁሉ በእያንዳንዱ ፍለጋ ያስነብባል፤ የመረጃ ቋቱ ማውጫም አያገለግልም። መዝገቡ ሲቀመጥ የታጠፈውን መልክ በተለየ ዓምድ ማኖርና መጠይቁን ወደዚያ መምራት ይሻላል። ዋናው ጽሑፍ ተናጋሪው ወይም ጸሐፊው እንደጻፈው ይቆያል። ለቋንቋ አጥኚ ይህ የፍጥነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የአጻጻፍ ልማድ ራሱ ማስረጃ ነውና።

የቋንቋ ስሞችም ከቦታ ስሞች አይሻሉም። በሱዳን በኩል «ኻሳ» የሚባለው በኤርትራ ትግረ ነው። በጃ ራሱን «በዳዊየት» ይላል፤ በኤርትራ ሕዳርብ በሚባለው ሕዝብ ይነገራል። ቪውስ ስሙን የሚፈልገው በጽሑፍነቱ ከሆነ ሦስት ቋንቋ ያገኛል፤ የተጓዳኝ ስሞችን ዝርዝር ካገናኘ ግን አንድ። ወንዞችም እንዲሁ ናቸው፤ የኢትዮጵያው ተከዜ በድንበሩ ላይ ሰቲት፣ አንገረብ ሱዳን ሲገባ ባሕር አስ-ሰላም ይባላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሂሱ የሚያተኩረው ሁኩ በሚሠራበት ስውርነት ላይ ነው። በቪውስ ገጽ ላይ የተመረጠ ማጣሪያ ለአስተዳዳሪው ይታያል፤ ውቅሩ ወደ ፋይል ሲላክም ይጻፋል። በሁክ የገባ ለውጥ ግን በገጹ ላይ አይታይም፤ በተላከው ውቅርም ውስጥ የለም። ማኅደሩን ከአምስት ዓመት በኋላ የሚረከብ ሰው ማጣሪያው «ስም፣ ይዟል» የሚል ብቻ ሆኖ ያየዋል፤ «ሐ» ለምን «ሀ» እንዳመጣ የሚያውቀው የሞጁሉን ኮድ ፈልጎ ካነበበ ነው። የቋንቋ ሊቅ ይህን ያህል ውሳኔ በመዝገበ ቃላት መግቢያ ሳይጽፍ ቢያልፍ ይወቀሳል፤ በኮድ ሲሆን የሚያልፈው ስለማይታይ ብቻ ነው። ቪውስ ለዚህ የተሻለ መንገድ አለው። ያው ሞጁል የማጠፊያውን ደንብ እንደ ራሱን የቻለ ማጣሪያ ሊያስመዘግብ ይችላል። ያን ጊዜ በገጹ ላይ «ስም፣ በትግርኛ የሞክሼ ደንብ» ተብሎ በስሙ ይጠራል፤ ሊነሣ፣ ሊተካ፣ ሊጠቀስ ይችላል። ሥራው ከሁኩ ጥቂት ይረዝማል። ለአንድ ገጽ ችግር ሁክ ይበቃል የሚለው የባለሙያዎች ልማድ በብዙ ቦታ ትክክል ነው፤ የቋንቋ ማኅደር ግን ከእነዚህ ቦታዎች አንዱ አይደለም።

የመጨረሻው ጉዳይ ከፊደል ይከብዳል። በዚህ ድንበር የቋንቋ መለያ የቋንቋ መለያ ብቻ ሆኖ አይቀርም። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ወደ ምዕራብ የተሻገሩት ሰዎች ማንነታቸው ያሳደዳቸው ናቸው፤ በኤፕሪል 2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ጉዞው ተገልብጦ ሰው በገላባት ወደ መተማ ጎረፈ። ቅማንትን የመሰለ ሕዝብ አለ፤ ዘለዓለም ልየው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት የቅማንት ቋንቋ ለአማርኛ ቦታውን እየለቀቀ ነው። ስለዚህ የቋንቋ ዓምዱ «አማርኛ» ይላል፤ የማኅበረሰብ ዓምዱ ሌላ ይላል፤ ሁለቱንም ከቀበሌ ስም ጋር የሚያገናኝ መጠይቅ አንድን ቤተሰብ ነጥሎ ሊያወጣ ይችላል። ድሩፓል መዝገቦችን በፈቃድ የሚከልል ሥርዓት አለው፤ ቪውስም መጠይቁን በዚያ ሥርዓት ያሳልፋል። ነገር ግን በቪውስ የመጠይቅ ቅንብር ውስጥ ይህን ማለፊያ የሚያሰናክል አንዲት ሳጥን አለች። ገጽ ሲዘገይ ወይም ረድፍ ሲደጋገም ለማስተካከል ሲባል ምልክት የሚደረግባት ሳጥን ናት። ምልክት ከተደረገባት በኋላ ለተናጋሪው የተገባው የምስጢር ቃል በዚያ ገጽ ላይ አይሠራም፤ ምልክቱን ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳደረገውም በገጹ ላይ አልተጻፈም።